የነቃሿ በጋ

የወገራንና የስሜንን ታሪክ ከመጽሐፍ የሚፈልግ ተማሪ አዘውትሮ የሚያገኘው ጦርነትና መንገድ ነው። ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ጎንደር ማለፉን ያነባል። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ መሸነፋቸውን፣ ውቤ ሊነግሡባት ባሠሯት በደረስጌ ማርያምም ካሣ ቴዎድሮስ ተብለው መንገሣቸውን ያነባል። ቀጥሎ ዳባት የደጃዝማች አያሌው ብሩ መቀመጫ እንደነበረች፣ ጣሊያን ሊማሊሞን ፈልፍሎ መኪና እንዳሳለፈ፣ ወልከፊት ላይ የመሸገው ጦሩም በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን እንደ ሰጠ ያነባል። ጥሩ ነው፤ ይነበብ። ግን በዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንዲት ሴት ጥላሸት በጥብጣ፣ ወስፌ ይዛ፣ የሰው ልጅ ግንባር ጉልበቷ ላይ አስደግፋ የተቀመጠችበት አንድ መስመር የለም። እኛ የምንጽፈው ስለዚች ሴት ነው።

ውድ አንባቢ፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው አገር ያደግን ሁሉ ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አገጯ ላይ ነጠብጣብ፣ አንገቷ ላይ ድርብርብ ቀለበት የተነቀሰች ባልቴት ሳናይ አላደግንም። እንዲያውም ከማየት ብዛት የተነሣ አናየውም። አያቶቻችን ከነንቅሳታቸው የተወለዱ ይመስለናል። ግን እኮ ንቅሳት በራሱ አይበቅልም! ወስፌውን የያዘ እጅ አለ፣ ዋጋ የተቀበለ እጅ አለ፣ ልጅቱን ጭምድድ አድርጎ የያዘ እጅም አለ። ነቃሽነት ሙያ ነበር። ሙያ ከሆነ ደግሞ መሣሪያ፣ ወቅት፣ ደንበኛና ክፍያ አለው። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በሙያ ተርታ የምናስገባ የታሪክ ተማሪዎች ነቃሿን «ባህል» በምትባል አንዲት ቃል ጠቅልለን እናልፋታለን። ይህ ትክክል አይመስለንም።

እስቲ መጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። ነቀሰ ያለ ሰው ሁለት ነገር ማለቱ ሊሆን ይችላል። እግር የገባን እሾህ በመርፌ ጫር ጫር አድርጎ ማውጣት መንቀስ ነው፤ «እሾህ በሾህ ይነቀሳል» የሚባለውም ከዚሁ ነው። ቆዳ ወግቶ ቀለም ማግባትም መንቀስ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ያስገባል፤ የእጁ ሥራ ግን አንድ ነው። በባዶ እግሩ ለሚሄድ ሕዝብ እሾህ መንቀስ የየዕለት ጉዳይ ነበርና እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ለልጅ የማታሳምም ሴት በመንደሩ ትታወቃለች። ብዙዋ ነቃሽ ሙያዋን ከዚያ ጀምራ ቢሆን አይገርመንም። የድዱ ንቅሳት ደግሞ የራሱ ስም አለው፤ ውቅራት ይባላል። ወፍጮ ሲለሰልስ ይወቀራል፣ ድድም ይወቀራል። ይህን ስም ያወጣችው ፈጭታ የምታውቅ ሴት መሆን አለባት፤ ወንድ አያስበውም።

ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበረ ከሁሉ አብልጦ የጻፈልን፣ የሚያስገርመው፣ በገዛ ክንዱ ያስነቀሰ እንግሊዛዊ ነው። ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1843 በምጽዋ በኩል ገብቶ ሦስት ዓመት ያህል በትግራይ ኖረ። ያገሬውን ልብስ ለብሶ፣ ጫማውን ጥሎ የሄደ ሰው ነው። መጽሐፉን በ1853 ለንደን ላይ አሳተመ። በዚያ ዘመን ትግራይንም ስሜንንም የሚገዙት ከላይ የጠቀስናቸው ደጃች ውቤ ናቸው፤ የስሜን ሰው ናቸው፣ ሠራዊታቸውም ተከዜን ወዲያና ወዲህ ሲሻገር ይኖር ነበር። ስለዚህ ፓርኪንስ በዚያ ማዶ ያየውን ጥበብ በዚህ ማዶ ማንም አያውቀውም ነበር ማለት ይከብዳል።

የፓርኪንስ ነቃሽ ዐይኗ የደከመ አሮጊት ናት። ዕቃዋ ጥቂት ነው፤ ከከሰለ ቅጠላ ቅጠል የተሠራ ጥቁር ቀለም የያዘ ትንሽ ማሰሮ፣ ጫፉ የሾለ ያገር ቤት ወስፌ፣ አንድ ሁለት ባዶ ሸምበቆና አንድ ገለባ። ክብ ስትፈልግ በልኩ የተቆረጠውን የሸምበቆ አፍ ቀለም ነክራ ቆዳው ላይ ታትመዋለች። መስመር ስትፈልግ ገለባዋን በልክ አጥፋ፣ ቀለም አስነክታ ታጋድመዋለች፤ አራት ማዕዘኑም ሰያፉም በዚያው ልክ ስለሚወጣ ሁሉ እኩል ይሆናል። ወስፌው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀጭኑ ጫፍ እስኪጠልቅ ትወጋለች፣ ቀለም ትጨምራለች፣ በወጋችበት ላይ መልሳ ትወጋለች፤ መስመሩ እንዳይቆራረጥ ደግማ ደጋግማ ትሄድበታለች።

ፓርኪንስ ይህን ካየ በኋላ፣ ሥዕሉን ያየ ሰው የእጅ ችሎታ ይመስለዋል እንጂ አሠራሩስ የመሣሪያ ጉዳይ ነው ብሎ ዝቅ ያደርገዋል። እኛ እዚህ ላይ አንስማማም። ዐይኗ ሲደክም ልኬቱን ከዐይኗ አውጥታ ወደ ሸምበቆና ገለባ ያዛወረች ሴት አእምሮዋ ሠርቷል ማለት ነው። አናጢም እኮ ገመድ ይወጥራል፤ ገመድ በመወጠሩ አናጢ አይደለህም ያለው የለም።

የተነቀሰውን የሰውነት ክፍል ስንቆጥር ደግሞ ከግንባር መስቀል ያለፈ ብዙ ነገር እናገኛለን። ወንዱ ቢበዛ ወደ ትከሻው ጠጋ ብሎ ክንዱ ላይ አንድ ምልክት ያስነቅሳል። ሴቲቱ ግን አንገቷን፣ ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ክንዷን፣ እስከ ጥፍሯ ሥር ድረስ ጣቶቿን፣ ቁርጭምጭሚቷንና ባቷን ታስነቅስ ነበር። ጣት ላይ ያለው ቀለበት መስሎ ነው የሚነቀሰው። ድዱን አንዷ ፈጽማ ታስጠቁረዋለች፣ ሌላዋ አንድ ጥቁር አንድ ቀይ እያደረገች ዥንጉርጉር ታስመስለዋለች። ይህ እንግዲህ የጌጥ ቤት ነው። ብር መስቀልና አልቦ የባለጸጋ ዕቃ በነበረበት አገር ድኻዋ ሴት ሌባ የማይወስድባት፣ ባል በችግር ቀን የማይሸጥባት፣ በፍቺ ንብረት ክፍያ የማይነሣባት ጌጥ ነበራት። ይህን ነገር ያላስተዋለ ንቅሳትን በእምነት ብቻ ይፈታዋል፤ ያልቅበታልም።

ጥላሸቱ ጥቁር ሆኖ ሳለ በቆዳ ላይ ስናየው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚመስለው ለምንድን ነው? ቀለሙ ያለው ከላይኛው ቆዳ በታች ነው፣ አንድና ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ። ብርሃን በላይኛው ቆዳ ሲያልፍ ሰማያዊው ወገን ቶሎ ተበትኖ ወደ ዐይናችን ይመለሳል። ሰማይን ሰማያዊ የሚያስመስለውም የዚሁ ዘመድ የሆነ ነገር ነው። ነቃሿ ይህን ፊዚክስ አልተማረችም፤ ጥቁር ብታገባ አረንጓዴ እንደሚወጣ ግን ጠንቅቃ ታውቃለች።

ስለ ወስፌው አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በዚያ አገር ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የሚሠራው ባለእጅ ነው። በወገራና በስሜን ደግሞ ከባለእጆቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። በሠርፀ ድንግልና በሱስንዮስ ዘመን በስሜን አምባዎች ላይ ከተደረጉባቸው ዘመቻዎች በኋላ ርስት ያጣው ሕዝብ በመዶሻና በሸክላ ኖረ። ገበሬው ማረሻውን ከባለእጁ ይገዛዋል፣ በመሸ ጊዜ ደግሞ ቡዳ ነው ብሎ ይፈራዋል። ግንባር ላይ መስቀል ለምን ይነቀሳል ቢባል ከመልሶቹ አንዱ «ከቡዳ ይጠብቃል» ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከቡዳ የሚጠብቀውን መስቀል የወጋው ብረት ራሱ ቡዳ ከተባለው ሰው ምድጃ የወጣ ነው፣ ቀለሙ የተበጠበጠበት ማሰሮም እንደዚሁ። ከውጭ የሚመጣው የስፌት መርፌ ገበያ እስኪሞላ ድረስ ይህ ነበር ሁኔታው።

አሁን ወደ ወቅቱ እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

በስሜን ግርጌ ዓመቱ ለሁለት ይከፈላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ገበያው ይሳሳል፣ ሰው ሁሉ እርሻና አረም ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ፊቷን አስነቅሳ አብጣ የምትተኛ ሴት በየትኛው ቤት አለች? እርጥበቱና ዝንቡም ቁስል አያድንም። ክረምት እንግዲህ የነቃሿ ሥራ ፈት ጊዜ ነው፤ ስፌቷን ትሰፋለች፣ ጥጧን ትፈትላለች፣ የሰው አረም ታርማለች። ነቃሽነት ብቻውን ዓመቱን የሚያኖር ሙያ አልነበረም።

ኅዳር ሲገባ ገብሱ ይታጨዳል። ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ይገባል፤ እስከ ገና ሠርግ የለም። ሠርጉ የሚደራው ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ባሉት ጥቂት ሳምንቶች ነው። እዚህ ላይ የነቃሿን ስሌት ማየት ይቻላል። የተነቀሰ ቆዳ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ቅርፊት ይይዛል። ቅርፊቱ ሳይነካ ራሱ እስኪረግፍ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ይሄዳል፤ ሰፊ ገላ የተነቀሰች ደግሞ ትኩሳት ይይዛታል። ፓርኪንስ እንደሚለን እንዲህ ያለችው ሴት የተወቀጠ አረንጓዴ ቅጠል ገላዋ ላይ ተለጥፎባት ለቀናት ትቀመጣለች። ሙሽራ እንዲህ ሆና ከጫጉላ አትገባም። ስለዚህ ለጥር ሠርግ የሚነቀሰው በታኅሣሥ መሆን አለበት፤ ጾሙ ለነቃሿ የሥራ ወር ነው ማለት ነው። ታኅሣሥ ደግሞ ውቂያ ነው። እናትዬው አውድማ ላይ እህል አላት፤ ዋጋውን ከዚያው ሰፍራ ትሰጣለች። ብር ባልተስፋፋበት ዘመን በዚህ አገር ያለው መክፈያ እህል፣ ጥጥና አሞሌ ጨው ነውና በሐምሌ ነቃሽ የሚጠራ ሰው ከምን አምጥቶ ይከፍላታል?

ብርዱም የራሱ ጥቅም አለው። ደባርቅ በታኅሣሥ ሌሊት አመዳይ የሚጥልበት አገር ነው፤ ቀኑ ደረቅ፣ ዝንቡም ጥቂት ነው። ቁስል በዚህ ጊዜ ይደርቃል። ነቃሿ ስለ ተህዋስያን ባትሰማም በየትኛው ወር ወግታ በየትኛው ወር እንደማታፍር ለይታ ታውቃለች። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ደግሞ ለፋሲካ ማግስት ሠርግ ትዘጋጃለች፤ ያም እስከ ግንቦት ነው። ከዚያ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ወስፌው ከነማሰሮው ቆጥ ላይ ይወጣል።

ነቃሿ ብዙ ጊዜ አሮጊት ናት ሲባል የዕድሜ ጉዳይ ብቻ አይመስለንም። በአገራችን ሞፈር መጨበጥ የወንድ ሥራ ነው። ባል የሞተባት ሴት መሬት እንኳ ቢኖራት ለየእኩል አራሽ ሰጥታ ግማሹን ትጠብቃለች። መሬት ከሌላት ምን ቀራት? ጠላ፣ ፈትል፣ ስፌት። ወስፌና ጥላሸት ከዚህ ላይ ሲጨመር የማንንም በሬ ሳትጠብቅ እህል ወደ ቤቷ የምታስገባበት መንገድ ሆነ። የእጅ ሙያ በሚናቅበት አገር ነቃሿ እንደ ቀጥቃጩ አለመናቋም ልብ ሊባል ይገባዋል። በመስቀል ስም ትሠራለችና ማን ደፍሮ ይንቃታል!

በመስቀል ስም እንበል እንጂ ቤተ ክርስቲያን ንቅሳትን ሥርዓት አድርጋ አላዘዘችም። ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 ላይ ገላን መነቀስ የተከለከለ ነው፤ ይህን የሚያውቁ ካህናት በሚቀድሱበት ደብር ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ ግንባራቸው ላይ መስቀል ይዘው ይሳለማሉ። ማተብ በክር ይታሰራል፣ ክር ይበጠሳል፤ የማይበጠስ ማተብ የፈለገ ተነቀሰ። ኢየሩሳሌም የተሳለመ ኢትዮጵያዊም እዚያ ካሉት የግብጽ ክርስቲያን ነቃሾች ዘንድ ክንዱን አስነቅሶ መመለሱ የታወቀ ነው። የእነሱ ሥራ በእንጨት ማኅተም አትሞ መውጋት ነው። ዘዴው ከአሮጊቷ ሸምበቆ ብዙም አይርቅም፤ እነሱ ግን ስማቸው በዓለም ታውቋል፣ ራዙቅ የሚባለው ቤተ ሰብ እስከ ዛሬ ይጎበኛል። የእኛዎቹን ማን ስም አወጣላቸው?

መድኃኒትነቱም አለ። ደጋ ላይ እንቅርት የበዛ ነበር፤ ያበጠውን አንገት መንቀስ እብጠቱን ያቆማል ተብሎ ይታመናል። አሁን እንደምናውቀው እንቅርት የሚመጣው በአብዛኛው ከአዮዲን ማነስ ነው፤ በአገራችን ጨው በአዮዲን እንዲዘጋጅ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እስከዚያ ድረስ ስንት አንገት በከንቱ ተወጋ! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው። ድድም እንዲሁ፤ ሲደማ ይወቀር፣ ጥርስ ያጠነክራል ይባላል። አንዲት አንገት ላይ ያለውን ቀለበት አይቶ ይህ ጌጥ ነው፣ ይህ መድኃኒት ነው ብሎ መለየት ባለቤቷን ሳይጠይቁ አይቻልም።

እዚህ ላይ ግን ጌጡን ብቻ እያወደስን ብናልፍ አድርባይነት ይሆንብናል። የምትነቀሰው ማን ናት? በአብዛኛው ልጅ ናት። በጎንደር ክፍለ ሀገር ሴት ልጅ በስንት ዓመቷ ትዳር እንደነበር እናውቃለን፤ ብዙዎቹ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ነበር የሚዳሩት። ንቅሳቱ ደግሞ ከሠርጉ ይቀድማል። እንግዲህ ልጅቱ ፈቀደች ማለት ምን ማለት ነው? አንዷ እኩዮቿ ተነቅሰው ስታይ አልቅሳ የለመነች ናት፤ ሌላዋ እጅና እግሯ ተይዞ የተወጋች ናት። ዛሬ ሁለቱም አንድ ዓይነት መስቀል ግንባራቸው ላይ አለ። ሁለቱን አንድ አድርጎ «የባህላችን ውበት» ብሎ በፖስት ካርድ የሚያትም ሰው ግማሹን ታሪክ ፍቆታል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የቤተ እስራኤል ሴቶች ጉዳይ ነው። በክርስቲያን መካከል የሚኖር ሕዝብ ልጆች ነበሩና ከእነሱም መስቀል የተነቀሱ ነበሩ፤ አንዷ ከጎረቤቶቿ ጋር ለመምሰል፣ አንዷ ለማማር፣ አንዷ ደግሞ ማንነቷን ለመሸሸግ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በረሃ አቋርጠው፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን ተጭነው እስራኤል ከደረሱት መካከል መስቀሉን ግንባራቸው ላይ ይዘው የገቡ እናቶች ነበሩ። አገር ቤት ያስመሰለ ምልክት እዚያ አጋለጠ። ሻሽ ወደ ታች ሳብ አድርጎ ማሰር የጀመረች አለች፣ በጨረር ያስጠፋች አለች። ነቃሿ ይህን ልታውቅ አትችልም ነበር፤ በአንድ ታኅሣሥ እህል ተሰፍሮላት የሠራችው ሥራ ነው።

ሙያው እንዴት ተዳከመ? መንገዱ አንድ ነው። በሊማሊሞ መኪና ካለፈ ወዲህ ጨርቁ፣ ዶቃው፣ የብር ቅቡ ሐብል ወደ ዳባት ገበያ መጣ፤ በገላ ላይ የሚሠራውን ጌጥ በገንዘብ የሚገዛው ተካው። ትምህርት ቤት ሌላው ነው። ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ለትምህርት የምትሄድ ልጅ ግንባሯ ላይ መስቀል ካለ «የገጠር ልጅ» ተብላ ትሳቃለች። ብዙ እናቶች እነሱ እየተነቀሱ ልጆቻቸውን ያላስነቀሱት ከዚህ የተነሣ ነው። ሦስተኛው ጤና ነው። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተከፈተ ወዲህ ጤና መኰንኑና ነርሷ ወደ ገጠሩ መውጣት ጀመሩ። በ1987 የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። በኤች አይ ቪ ዘመን ደግሞ በአንድ ወስፌ አሥር ሴት የሚነቅስ እጅ የሞት መልእክተኛ ሊሆን እንደሚችል ሕዝቡ ራሱ ገባው። የጉበት በሽታ ቫይረስም በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

ዘመቻው ስለ ወስፌው የተናገረው እውነት ነው፤ አንከራከርም። ቅር የሚለን እንጥል ማስቆረጥን፣ የወተት ጥርስ ማስነቀልን፣ ግርዛትንና ንቅሳትን በአንድ ወረቀት ደርድሮ አብሮ መኮነኑ ነው። ወስፌው ቢቀቀል የሚቀረው ሥዕል ነው። እንጥል ማስቆረጥ ግን ምላጩ ቢቀቀልም እንጥል ማስቆረጥ ነው። ይህ ልዩነት ባለመደረጉ አሮጊቶቹ ጥፋተኛ መስለው ዝም አሉ፤ ሸምበቆውን በምን ልክ እንደሚቆርጡ፣ ቅጠሉ ምን ቅጠል እንደሆነ ሳይናገሩ አለፉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳባት ወረዳ ልደቱን፣ ሞቱን፣ ፍልሰቱን ቤት ለቤት እየመዘገበ ነው የኖረው። ያን ያህል ደጅ ለተረገጠበት አገር አንድ ሸምበቆና አንድ ወስፌ በሙዚየም መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?

ንቅሳት ራሱ ግን አልሞተም። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ወረቀት እየበሳ ጽሑፍ ለማባዛት የሚረዳ የኤሌክትሪክ ብዕር ሠርቶ ነበር። ከዚያ ብዕር ሁለት ልጆች ተወለዱ። አንዱ ተማሪዎች በየትውልዱ መጽሔታቸውን ያባዙበት የስቴንስል ማባዣ ነው። ሌላው ኒው ዮርክ ላይ ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ ነቃሽ በ1891 የባለቤትነት መብት ያወጣበት የኤሌክትሪክ መንቀሻ ነው። ስቴንስል ቆርጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም፤ ለካ እኛም ነቃሾች ነን! ይኸው መንቀሻ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራል። ነቃሹ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ወንድ ነው፣ ጓንት ያጠልቃል፣ መርፌው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ክረምትም በጋም አይለይም። አያቷ በሻሽ የሸፈነችውን የአንገት ቀለበት ፎቶ ይዛ መጥታ «ይህንን ሥራልኝ» የምትል ልጅ አለች። በሌላ ክሊኒክ ደግሞ እናትዬዋ ያንኑ ለማስጠፋት ከፍላ ጨረር ሥር ትተኛለች።

በዳባት በኩል ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 በትግራይ መጠለያዎች የነበሩ የኤርትራ ስደተኞች በዳባት ወረዳ ወደ ዓለምዋች መዛወር ጀመሩ። ከደጋው ኤርትራ የመጡት ባልቴቶች ግንባርና የወገራዎቹ ባልቴቶች ግንባር አንድ ነው። ቋንቋ ሳይግባቡ በግንባር የሚተዋወቁ አሮጊቶች ማለት ናቸው። 

ያገሩ ሰው ስለ ንቅሳት ለፓርኪንስ የነገረው አንድ ነገር አለ፤ ሰው ሞቶ ሥጋው ካለቀ በኋላ ምልክቱ አጥንቱ ላይ ይገኛል ብለውታል። አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጥ ላይ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው ቀለሙን ይዘው የሚቆዩት በቆዳ ውስጥ ያሉ ባዕድ ነገር የሚውጡ ሕዋሶች ናቸው፤ አንዱ ሲሞት የጣለውን ሌላው ይቀበለዋል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ዕድሜ ልክ ያኖሩታል። ሰውየው ሲሞት የሚቀበል ሕዋስ አይኖርም፤ ቀለሙ ከቆዳው ጋር አፈር ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ዕረፍት ወደ ዳባት፣ ወደ ወቅንና ወደ ደባርቅ የምንሄድ ሁላችን ፎቶ ብቻ አንስተን ባንመለስ መልካም ነው። ከእሳቱ ዳር ቁጭ ብለን ለመጠየቅ የያዝናቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው፤ እማማ፣ ማን ነቀስዎት? በየትኛው ወር? ምን ተከፈላት? ወደው ነው ወይስ ተይዘው?